ሳነቴ ላይ ለማደር

ሳነቴ ላይ በጣም የሚበርደው በክረምት አይደለም። ብርድ ሲባል አብዛኞቻችን የሚታየን ሐምሌ ነው፤ ጭቃው፣ ጃንጥላው፣ የማይደርቀው ልብስ። የባሌ ተራሮች ግን ክረምቱን ደመና እንደ ብርድ ልብስ ተከናንበው ያድራሉ። ነገሩ የሚገለበጠው ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጥርት ሲል ነው። ቀን በቲሸርት ያስኬደዎት ሙቀት ፀሐይ እንደጠለቀች ወደ ላይ ያመልጣል፤ የሚይዘው ደመና የለምና። ሌሊት ሳሩ ላይ ውርጭ ይጋገራል፣ ድንኳኑ በውስጥ በኩል ነጭ ይሆናል፣ ውጭ የተረሳ የውሃ ጠርሙስ በረዶ ሆኖ ያድራል። ለቤተሰብ ጉዞ የሚመረጠው ወቅት ደግሞ ይኸው ነው። መንገዱ ደረቅ ነው፣ ልጆች የገና ዕረፍት አላቸው፣ አለቃም ፈቃድ ለመስጠት ብዙ አያቅማማም።

ሒሳቡን ቤትዎ ቁጭ ብለው መሥራት ይችላሉ። ወደ ላይ በወጡ በየ1,000 ሜትሩ አየሩ በአማካይ ከ6 ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ናት፤ የሳነቴ አምባ ወደ 4,000። ታኅሣሥ ላይ ሲነጋጋ የሰፈርዎ አየር 7 ዲግሪ ከሆነ፣ ሳነቴ ላይ ከዜሮ በታች 3 አካባቢ ይጠብቁ። ይህ እንግዲህ መነሻው ነው። ነፋስ በሌለበትና ሰማዩ በጠራ ሌሊት ቁጥሩ ከዚያም ይወርዳል፤ አምባው ላይ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የተመዘገበበት ጊዜ አለ። ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። (የአዲስ አበባውን ኮንዶሚኒየም ማለቴ አይደለም፤ እውነተኛውን ቀይ ተራራ ነው።)

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ላስፈራራዎት ብዬ አይደለም። ቦታው መታየት ያለበት ነው። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው፣ የአርሲን የስንዴ ማሳ አቋርጠው፣ ዶዶላንና አዳባን አልፈው ዲንሾ ሲደርሱ የደጋ አጋዘን ከመኪናው መስኮት ይታይዎታል። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚሄደው መንገድ አምባውን መሐል ለመሐል ስለሚሰነጥቀው፣ ቀይ ቀበሮ ለማየት ተራራ መውጣት እንኳ ላያስፈልግዎ ይችላል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት እዚሁ ነው። ፓርኩ በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ ከጌዴኦ መልክዓ ምድር ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እኛ የከተማ ሰዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ሰዓት ወጥተን፣ ፎቶ ተነሥተን፣ ጎባ ሆቴል ገብተን እናድራለን። ሳነቴን ሳነቴ የሚያደርጋት ምሽቷና ንጋቷ ሆኖ ሳለ፣ ማደሩን የሚያስቀረን ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነው። ብርዱንስ እንዴት እንችለዋለን?

መልሱ ከሞላ ጎደል አንድ ዕቃ ነው፤ ስሊፒንግ ባግ። ገበያ ላይ ካሉት ውስጥ ደግሞ ለክብደቱ ከሁሉ በላይ የሚያሞቀው ዳውን የሚባለው ነው። ዳውን የዳክዬና የዝይ ደረት ላይ፣ ከሚታየው ላባ ሥር የሚገኘው እንደ ብናኝ የለሰለሰ የውስጥ ላባ ነው። እንጨቱ የለውም፤ መሐሉ ላይ ካለች ፍሬ በየአቅጣጫው የተበተነ ክር ብቻ ነው። እያንዳንዱ ክር አየር ይይዛል። የሚያሞቀዎትም ያ የቆመው አየር ነው። ሳነቴ ላይ በኩሬዎቹ ዳር የምትሰማራውን፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማትገኘውን ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ልብ ብለው ቢያዩዋት፣ ከአካሏ ይልቅ ላባዋ ይገዝፋል። ብርዱን የምትችለው በዚያ ወፍራም ላባ ነው። እኛ የምንገዛው የእሷን ዘዴ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መታወቅ አለበት። ስሊፒንግ ባግ ሙቀት አያመነጭም። ምድጃው እርስዎ ነዎት፤ ባጉ የምድጃውን ሙቀት ይዞ የሚያቆይ ግድግዳ ነው። በረሃብና በብርድ ተንቀጥቅጠው ከገቡበት ብርዱን አብሮዎት ይይዘዋል። የባሌና የአርሲ ሰው ጭኮን ለመንገድ ስንቅ ያደረገው በከንቱ አይደለም። የተቆላ ገብስና ቅቤ ከመኝታ በፊት ከተበላ ሌሊቱን ሙሉ የሚነድ ማገዶ ነው።

ዳውን የሚለካው ፊል ፓወር በሚባል ቁጥር ነው፤ 550፣ 650፣ 800፣ አንዳንዴም 900። የቁጥሩ ትርጉም ቀላል ነው። 28 ግራም ዳውን ሳይታመቅ ሲለቀቅ ስንት ኪዩቢክ ኢንች ቦታ ይሞላል? 800 የሚል ከሆነ ወደ 13 ሊትር ይሞላል ማለት ነው። ሃያ ሊትሩን የውሃ ጀሪካን ያስቡት፤ ሁለት ሦስተኛው የሞላው አንድ እፍኝ በማይከብድ ላባ ነው። 550 የሚለው ደግሞ በዚያው ክብደት 9 ሊትር ይሞላል። ስለዚህ ከፍ ያለ ፊል ፓወር ማለት ያንኑ ሙቀት በአነስተኛ ክብደት ማግኘት ማለት ነው። ቁጥሩ ብቻውን ግን ባጉ ምን ያህል እንደሚያሞቅ አይነግርዎትም። ባለ 800 ሆኖ ውስጡ 250 ግራም ላባ ብቻ ያለው ባግ፣ ባለ 650 ሆኖ 700 ግራም ካለበት በጣም ያነሰ ሙቀት ይሰጣል። ሻጩ ፊል ፓወሩን ሲነግርዎ ወዲያው “ላባው ስንት ግራም ነው?” ብለው ይጠይቁ።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ስለዚህ ይህችን ያለ ይሉኝታ እነግርዎታለሁ። ዕቃው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ሁልጊዜ ለሻጩ የሚያምረው ቁጥር ነው። ስሊፒንግ ባግ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የሙቀት ዲግሪም እንደዚያው ነው። አውሮፓ ውስጥ ተጀምሮ አሁን ዓለም አቀፍ በሆነው የአለካክ ደንብ መሠረት አንድ ባግ የሚፈተሸው የሰው ቅርጽ ባለው፣ በሚሞቅና መሣሪያ በተገጠመለት አሻንጉሊት ነው። አሻንጉሊቱ ስስ የውስጥ ልብስ ይለብሳል፣ ፍራሽም ይነጠፍለታል። ከዚያ ሦስት ቁጥሮች ይወጣሉ። የመጀመሪያው ኮምፈርት ነው፤ አንዲት ጎልማሳ ሴት ዘና ብላ ተዘርግታ ሳይበርዳት የምታድርበት። ሁለተኛው ሊሚት ነው፤ አንድ ጎልማሳ ወንድ ተኮራምቶ፣ ሳይነቃ ስምንት ሰዓት የሚገፋበት። ሦስተኛው ኤክስትሪም ሲሆን፣ አንዲት ሴት ለስድስት ሰዓት በብርድ ከመሞት የምትተርፍበት ነው። መትረፍ ብቻ ነው፤ ጉዳት አያገኛትም ማለት አይደለም። የሆነ ሱቅ ውስጥ “እስከ ከዜሮ በታች 20 ይችላል” ከተባሉ፣ የተነገረዎት ይህ ሦስተኛው ቁጥር ሊሆን ስለሚችል ውስጠኛዋን ትንሽ ጽሑፍ ያንብቡ። እርስዎ የሚገዙት በኮምፈርት ነው። የባጉ መጠሪያ ላይ የሚሰፍረው ግን ብዙ ጊዜ ሊሚቱ ነው፤ ኮምፈርቱ ከዚያ በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ይሞቃል።

አሜሪካ ያለ ዘመድ ካለዎት ሌላ ወጥመድ አለ። እዚያ ዲግሪው ፋራናይት ነው። “ዜሮ ዲግሪ” የሚለው ባግ ውሃ የሚረጋበት ዜሮ አይደለም፤ በእኛ ከዜሮ በታች 18 ነው። “20 ዲግሪ” ማለት ከዜሮ በታች 7፣ “30 ዲግሪ” ማለት ደግሞ ከዜሮ በታች 1 አካባቢ ነው። በቤተሰብ ግሩፕ ላይ “የ20 ዲግሪ ሞቅ ያለ ነው አሉኝ፣ ላምጣልሽ?” የሚል መልእክት ቢመጣ፣ የዚያ ባግ ኮምፈርት ከዜሮ በታች 1 ገደማ መሆኑን ያስታውሱ። ለዲንሾ በጥሩ ልብስ ተደግፎ ያስኬዳል። ሳነቴ ላይ በጥር ግን እስኪነጋ ኮከብ ሲቆጥሩ ያድራሉ።

ታዲያ ለባሌ ምን ይበቃል? የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ዲንሾና ወደ ወብ ሸለቆ ባሉት ሰፈሮች ለማደር ኮምፈርቱ ከዜሮ በታች 5 የሆነ። ሳነቴ ላይ ወይም ጋርባ ጉራቻ አካባቢ ከኅዳር እስከ ጥር ድንኳን ለመትከል ካሰቡ ከዜሮ በታች 8 እስከ 10፤ ይህም በአሜሪካኖቹ አጠራር “ዜሮ ዲግሪ” የሚሉት ነው። በጥሩ ዳውን የተሠራ እንዲህ ያለ ባግ ከ1.2 እስከ 1.4 ኪሎ ይመዝናል። የመጀመሪያው ዓይነት ኪሎ አይሞላም ወይም ኪሎ ላይ ይቆማል። እዚያው ዲግሪ ላይ በሰው ሠራሽ ክር የተሞላው ደግሞ ግማሽ ያህል ይጨምራል፤ ተጠቅልሎም ቢሆን የጀርባ ቦርሳዎን ግማሹን ይወስዳል።

እዚህ ላይ ያልተለመደ ጥያቄ ላንሳ፤ ቅልጥፍና ለምን ያስፈልገናል? ባሌ የፈረስ አገር ነው። ዲንሾ ላይ አስጎብኚ ሲይዙ የጭነት ፈረስም ከነባለቤቱ ይከራያሉ፤ ድንኳኑን፣ ድስቱን፣ ሽንኩርቱን ሁሉ የሚሸከመው ፈረሱ ነው። እርስዎ ውሃና ካሜራ ይዘው ይራመዳሉ። ለፈረሱ የአንድ ኪሎ ልዩነት ብዙም አይታየውም። በመኪና ሄደው፣ በፈረስ ጭነው፣ በዓመት አንዴ ሁለት ሌሊት ለማደር ከሆነ 300 እና 400 ዶላር ዳውን ላይ ማውጣት አያስፈልግዎትም። ወፍራም የሰው ሠራሽ ክር ባግ በሲሶ ዋጋ ያገኛሉ፤ ቢረጥብም ጨርሶ አይከዳዎትም። ዳውን ከረጠበ ግን እንደ ተነከረ ጥጥ ይጣበቃል፤ አየር የለም፣ ሙቀት የለም። ውሃ እንዳይመጥ የታከመ ዳውን አለ፤ እርጥበቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ክረምት ላይ ለመሄድ ያሰበ ሰው ቢጠይቀኝ ዳውን አልመክረውም።

ዳውን የሚያዋጣው ለሌሎች ነው። በራሱ ጀርባ ተሸክሞ መራመድ ለሚወድ። እስከ ባሌ ሮቤ በአውሮፕላን ለሚሄድና ሻንጣውን በኪሎ ለሚያስመዝን። በተለይም ለልጆቻችሁ፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የራሷን መኝታ በራሷ ጀርባ ስትሸከም ጉዞው የእሷ ይሆናል፤ ይህ የሚሆነው ግን ሸክሙ ከኪሎ ብዙ ካልበለጠ ነው። ዕድሜውም አለ። በደንብ የተያዘ ዳውን ከአሥር ዓመት በላይ ያገለግላል፤ የክሩ ዓይነት ግን በተጠቀለለ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል። ስለ ዝይዎቹ የሚጨነቅ አንባቢም አይጠፋም። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አርዲኤስ የሚባል ምልክት አለ፤ ላባው ከነሕይወቷ ከተነጨች ወይም ተገዳ ከተቀለበች ወፍ እንዳልመጣ የሚያረጋግጥ ነው። ምልክቱን ፈልገው ይግዙ።

ባለፈው ጥር ከእህቴ ቤተሰብ ጋር ወጥተን ነበር። እህቴ የሰጠችን ማስጠንቀቂያ አንድ ነበር፤ “ልጆቹ አንድ ሌሊት ከበረዳቸው ዳግመኛ ተራራ የሚባል ስም እቤቴ እንዳይነሣ።” እውነቷን ነው። ልጅ ከሚያየው ቀበሮ ይልቅ ያደረበትን ብርድ ያስታውሳል። ከዚህም በላይ ደግሞ የባጉ የሙቀት ቁጥር የተሰላው በጎልማሳ ሴትና ወንድ አካል ስለሆነ ለልጅ አይሠራም። ልጅ ትንሽ ምድጃ ነው፤ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ለልጅ ከአዋቂው የሞቀ ባግ እንጂ “ለልጅ ይበቃል” የሚባል ስስ ነገር አይያዝም።

የመጀመሪያውን ሌሊት ሁላችንም ዲንሾ አደርን፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ሰውነት ከፍታውን ይለማመዳል። በማግስቱ ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ። የስምንት ዓመቱ ልጅ ከእናቱ ጋር ጎባ ሆቴል እንዲያድር ተወሰነ። ይህን ለማንም ወላጅ እመክራለሁ፤ 4,000 ሜትር ላይ ራሱን ያመመውንና የሚያቅለሸልሸውን ትንሽ ልጅ በሌሊት ይዞ መውረድ ከባድ ነው። ታላቅየዋ፣ እኔና የእህቴ ባል ሳነቴ ላይ ድንኳን ተከልን።

የልጅቱ ባግ የመጣው ከዴንቨር ነው፤ ለጥምቀት የመጣ አጎቷ ነው በሻንጣው ያመጣላት። ለአዋቂ ሴት የተሠራ ስለሆነ እግሯ ሥር አንድ ክንድ ያህል ባዶ ቀረ። ባዶ ቦታ ማለት በከንቱ መሞቅ ያለበት አየር ማለት ነው። አባቷ ትርፉን አጥፎ በቀበቶው አሰረው። የተገላቢጦሹም ያው ነው፤ ትከሻዎ ባጉን ወጥሮ ከያዘው ላባው ይታመቅና ያ ቦታ ይበርዳል። ሱቅ ውስጥ ከሆኑ ሳያፍሩ ጫማዎን አውልቀው ይግቡበት፣ ዚፑን እስከ አንገትዎ ይዝጉ፣ ይገላበጡ። ኮፍያ ያለው፣ አንገት ላይ በላባ የተሞላ ቀለበት ያለው፣ ከዚፑ በስተጀርባ ረዘም ያለ የላባ ቱቦ ያለው ይሁን። ስፌቱንም በብርሃን ይዩት። የላይኛውና የታችኛው ጨርቅ አንድ ላይ የተሰፋ ከሆነ በየመስመሩ ላባ የለም፤ ብርዱ በዚያ ይገባል። ለሳነቴ የሚሆነው በውስጡ የጨርቅ ግድግዳ ያለው፣ ላባው በየክፍሉ የተሞላው ነው።

ከባጉ እኩል የሚያስፈልገውን ነገር ብዙ ሰው ይዘለዋል። ከሥርዎ ያለው ላባ በክብደትዎ ስለሚታመቅ ከመሬቱ ብርድ አያድንዎትም፤ መሬቱ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀትዎን ይጠጣል። የሚነጠፍ ያስፈልጋል። የፍራሽ ብርድ መከላከያ አቅም አር ቫልዩ በሚባል ቁጥር ይለካል። ውርጭ ላለበት መሬት ከ4 በላይ ይሁን። በአየር የሚነፉት ፍራሾች ውስጥ እዚህ የሚደርሱ አሉ፤ ተጠቅልሎ የሚያዘው ስስ ማት ብቻውን 2 አካባቢ ነው። መልካሙ ነገር ቁጥሮቹ መደመራቸው ነው፤ ሁለት ማት ደርቦ መተኛት ይቻላል።

ጋቢስ? እንዴት ጋቢ ይቀራል። ምሽት ላይ እሳት ዳር ከጋቢ የሚስተካከል ልብስ የለም። የዳውን ባግ ላይ ደርቦ መልበስ ግን ትርፍ የለውም፤ ጋቢው ከባድ ስለሆነ ላባውን ተጭኖ አየሩን ያስወጣዋል። ከማቱ ላይ ያንጥፉት። የፈረሶቹ ባለቤት ቡሉኮውን ተከናንቦ ሲያየን ቆየና “ይህ ነገር በእርግጥ ያሞቃል?” አለ። ባጉን አውጥተን ሰጠነው። በአንድ እጁ መዘነው፣ በሌላው ቡሉኮውን። ሳቀና “ፈረሴ ይህን ቢያውቅ ይመርቃችኋል” አለን። እሱ ራሱ ግን እሳቱ አጠገብ በቡሉኮው ተጠቅልሎ እንደ ሕፃን አደረ። ብርዱን ለምዶት አድጓል፤ እኛ ከለመድነው ጋር መወዳደር የለበትም።

ከመተኛታችን በፊት ያደረግነው ብዙ አልነበረም። ሾርባና ጭኮ በላን። ደረቅ ካልሲና ደረቅ የውስጥ ልብስ ቀየርን፤ ቀን በላብ የራሰውን ለብሶ መግባት ባጉን ማርጠብ ነው። በጠንካራ ጠርሙስ የፈላ ውሃ ሞልተን፣ ካልሲ አልብሰን፣ ለልጅቱ እግሯ ሥር አስገባንላት። የሃይላንድ ጠርሙስ ለዚህ አይሆንም፤ የፈላ ውሃ ሲነካው ይጨማደድና ባጉ ውስጥ ያፈሳል። ፊቷን ባጉ ውስጥ ቀብራ እንዳትተነፍስ ነገርናት፤ ትንፋሽ እርጥበት ነው፣ ዳውን ደግሞ እርጥበት አይወድም። ሻሽ አፍንጫዋ ላይ ጣል አደረገች። አስጎብኚያችን “ቀበሮውም እንዲሁ ነው የሚያድረው፤ ተጠቅልሎ፣ አፍንጫውን በጭራው ሸፍኖ” አላት። ወደዳው፤ ሌሊቱን ቀበሮ ነኝ እያለች ነው የተኛችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከድንኳኑ ውጭ ያንጠለጠልናት ትንሽ ቴርሞሜትር ከዜሮ በታች 6 ታሳይ ነበር። የእህቴ ባል በኪራይ ያገኘው ባግ ስስ ስለነበር ጃኬቱንም ኮፍያውንም ደርቦ ተቀምጦ ነው የጠበቀን። ልጅቱን ለመቀስቀስ ሁለት ጊዜ መጥራት አስፈለገ። ወጥታ ስታይ አምባው በሙሉ ነጭ ነው፤ ጅብራዎቹ ቅጠላቸውን ወደ ውስጥ አጥፈው ልባቸውን ሸፍነዋል፣ ፀሐይ ስትነካቸው ነው የሚከፍቱት። ከመኪናው መንገድ ማዶ አንድ ቀይ ቀበሮ የፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ ቆሞ ጆሮውን ወደ መሬት አዘንብሏል። ሰዓቱ ገና አሥራ ሁለት ተኩል ነው። ከጎባ የሚነሡ መኪኖች ሦስት ሰዓት ሳይሆን አይደርሱም። እናቷ ስትደርስ የመጀመሪያው ጥያቄዋ የታወቀ ነው። “አፍንጫዬ ብቻ ነው የበረደኝ” አለቻት።

ወደ ገበያው እንመለስ። ጥሩ የሚባል የዳውን ባግ ባሕር ማዶ ከ200 እስከ 500 ዶላር ያወጣል። እዚህ አገር የሚያከራዩ የጉዞ ድርጅቶች አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ከመግዛት በፊት መከራየት ይሻላል። ሲከራዩ ኮምፈርቱን ይጠይቁ፣ ባጉንም ፈትተው ይዩ። ሰልባጅ ውስጥም አልፎ አልፎ ይገኛል። ያገለገለ ሲያዩ እጅዎን ጭነው ያማቁትና ይልቀቁት፤ ጤነኛ ዳውን ቀስ እያለ ይነሣል። ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ያዩት፤ ላባው ወደ አንድ ጥግ ሸሽቶ ባዶ የቀረ ክፍል ካለ ይታያል። ያሽትቱት። የሻገተ ሽታ ካለው በነጻም ቢሆን አይውሰዱት።

ዘመድዎ የሚያመጣልዎት ከሆነ በመልእክቱ ላይ ይህን ያህል ይጻፉለት፤ ዳውን ይሁን፣ ኮምፈርቱ በሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች 8 ወይም 10፣ ክብደቱ ከ1.4 ኪሎ ያልበለጠ፣ አርዲኤስ ምልክት ያለው፣ ቁመቴ ይህን ያህል ነው። የባለፈው ዓመት ቀለም በቅናሽ ይሸጣልና ቀለም አይምረጡ። ሻንጣው ውስጥ ሲገባ ተጨምቆ የአንድ ትልቅ ዳቦ ያህል ስለሚሆን ዘመድዎ ብዙም አያማርርም።

እቤት ከደረሰ በኋላ ዋናው ነገር ተጨምቆ እንዳይቀመጥ ነው። አብሮት የሚመጣው ጠባብ ከረጢት ለመንገድ ብቻ ነው። ለረጅም ጊዜ ተጨምቆ የከረመ ላባ የመነሣት አቅሙን እያጣ ይሄዳል። በትልቅ የጥጥ ከረጢት ወይም በአሮጌ የትራስ ልብስ ውስጥ ላላ አድርገው ቁም ሳጥን ላይ ያኑሩት። እሳት ዳር ይዘውት አይቀመጡ፤ አንዲት ፍንጣሪ ጨርቁን ትበሳውና ላባው እንደ በረዶ ይበተናል። ከተበሳም ለጊዜው ፕላስተር ይለጥፉበት፣ በመርፌ አይስፉት፤ መርፌው ሌላ ቀዳዳ ይፈጥራል።

እጥበቱን የሚፈራው ብዙ ነው። በዓመት አንዴም ላያስፈልግ ይችላል፤ ውስጡ ስስ አንሶላ አድርገው ከተኙ ከዚያም ይዘገያል። ሲያጥቡት ኦሞ አይሁን፤ የላባውን ተፈጥሯዊ ቅባት ይወስደዋል። ለዳውን የተዘጋጀ ሳሙና አብሮ እንዲመጣልዎ ይዘዙ። በገንዳ በለብታ ውሃ ቀስ ብለው ይጫኑት፣ አይጠምዝዙት፤ ሲያወጡትም ከሥር በሁለት እጅ ተሸክመው ነው፣ ካልሆነ የረጠበው ላባ የውስጡን ግድግዳ ይቀድደዋል። ማድረቂያ ማሽን ያለው ሰው በዝቅተኛ ሙቀት ሁለት ሦስት የቴኒስ ኳስ ጨምሮበት ያዞረዋል። የሌለን ደግሞ ጥላ ሥር አግድመን ዘርግተን፣ በየሁለት ሰዓቱ እየገለበጥን፣ የተቋጠረውን ላባ ጥጥ እንደሚያፍታታ ሰው በጣታችን እንፈታታዋለን። አዲስ አበባ ላይ በበጋ ሦስት ቀን ይፈጃል። ደርቋል ብለው ካሰቡ በኋላ አንድ ቀን ይጨምሩለት።